ስለ ሽርሽርና ስለ ግንብ

ሽርሽር የሚባለው ነገር፣ ማለትም ጉዳይ ሳይኖር ከቤት መውጣት፣ ዘመድ ሳይታመም ዳገት መውጣት፣ ገበያ ሳይቆም ሜዳ ማቋረጥና በመጨረሻም ምንም ሳይዙ መመለስ፣ በአበው ሥርዓት ውስጥ ስፍራ የተሰጠው ነገር አልነበረም። አበው በእግራቸው ብዙ ሄደዋል፤ የሄዱት ግን ለዘመቻ፣ ለሙግት፣ ለንግሥ፣ ለልቅሶ ወይም ለጸበል ነው። ከእነርሱ አንዱን መንገድ ላይ አግኝቶ «ወዴት አቀኑ?» ብሎ የጠየቀ ሰው «እንዲሁ ዓይኔን ላናፍስ ብዬ ነው» የሚል መልስ ቢያገኝ ኖሮ፣ አዝኖ ጸበል ወደሚፈልቅበት ደብር የሚያደርሰውን መንገድ ባሳየው ነበር።

እንግሊዞች ግን ከዚሁ ከንቱ ድካም ሥርዓት ያለው ጥበብ አውጥተውለታል። በየገጠራቸው በሕግ የተጠበቀ፣ በካርታ የተመለከተ፣ በሰው እርሻ መካከል ሳይቀር ባለቤቱ እያየ የሚያልፍ የእግረኛ መንገድ አላቸው፤ ቤተሰቡም ሕፃኑን በጀርባው አዝሎ፣ ውሻውን በገመድ ይዞ፣ ከአንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ይነሣና፣ ጣራው የወደቀ የመስፍን ግንብ ዞሮ ተመልክቶ፣ ሻይ ቤት ሲደርስ ጉዞውን ይፈጽማል። ልጆቹ ያን ሁሉ መንገድ የሚታገሡት በግንቡ ፍቅር ነው ይባላል፤ እኔ ግን ሻይ ቤቱ ባይኖር ከግንቦቹ እኩሌቶቹ ጎብኚ አያገኙም ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

ይህ ልማድ ወደ ቤታችን፣ ወደ አሶሳ፣ የገባው በታላቁ ልጄ በኩል ነው። ልጁ በመማሪያ መጽሐፉ የጎንደርን ግንብ ሥዕል ካየ ወዲህ፣ ሰው ሁሉ በየአገሩ አንድ አንድ ግንብ የታደለው መስሎት፣ «አባዬ፣ የእኛስ የት ነው?» ማለትን የማታ ጸሎት አደረገው። ጥያቄው አግባብ ያለው ጥያቄ ነበር። የጎንደር ልጅ በዕለተ ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ከአባቱ ጋር ቢወጣ፣ ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማዪቱን ሲቈረቍሩ ካሠሩት ግንብ ተነሥቶ፣ ተከታዮቻቸው በዚያው ቅጽር ውስጥ እየጨመሩ የሠሩትን እልፍኝና የአንበሳ ቤት ተመልክቶ፣ ወደ ቀሃ ወንዝ በኩል ወርዶ ለጥምቀት የሚሞላውን የፋሲል መዋኛ፣ የዛፎቹ ሥር ድንጋዩን አቅፎ የያዘበትን ቅጥር አይቶ፣ ጉልበቱ ካልከዳው እቴጌ ምንትዋብ ወዳሠሯት ወደ ቁስቋም ዳገቱን ወጥቶ፣ ከሰዓት በኋላም በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ የተሣሉትን መላእክት አንገቱ እስኪደክም ቢቈጥር፣ ይህ ሁሉ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉ ያችን ቤተ ክርስቲያን የንብ መንጋ ጠበቃት የሚለውን ትረካ የሰማ ልጅማ ጫማው እንደ ቆረጠው እንኳ አያስታውስም።

አማቴ ግን በዚህ ሁሉ አልተደነቁም። የወሎ ሴት ናቸው፤ በመቀነታቸው ካልገባ በቀር ለሥዕል እምብዛም ክብር አይሰጡም። መጽሐፉን ተቀብለው አርቀውም አቅርበውም ካዩ በኋላ፣ «ይኸንንማ አውቀዋለሁ፤ ስንት ዘመን ቋጥሬው ኖሬ የለም እንዴ?» አሉ። ነገሩ እውነት ነው፤ በቀድሞው የ50 ብር ኖት ጀርባ ላይ ታትሞ የነበረው የጎንደር ግንብ ነው። «በኋላ ብሩ ተለወጠ ሲባል» አሉ ቀጥለው፣ የ2013 ዓ.ም. መስከረምን ማለታቸው ነው፣ «ባንኩ ከነግንቡ ተቀበለኝ።» ከዚያ ወዲህ ግንብ የሚባል ነገር ሲነሣ የሚታያቸው ሰልፍ ብቻ ነው።

አሶሳ ግንብ ያጣችው ግን ጌታ አጥታ አይደለም። የዚህ አገር ወርቅ ዝናው ከሩቅ ይሰማ ነበር፤ የግብፁ መሐመድ ዓሊ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ልጁን እስማኤልን በሠራዊት ወደ ፋዙግሊ የሰደደው የዚሁ ወርቅ ወሬ ዕንቅልፍ ነሥቶት ነው። ራስ መኰንንም በ1890 ዓ.ም. ወደ ቤኒሻንጉል ሲዘምቱ አገሩን ተካፍለው የያዙት ሼኾች ነበሩ፤ ከእነርሱም የአሶሳው ሼኽ ሆጀሌ አል ሐሰን ወደ አዲስ አበባ ተወስደው በግዞት ከቆዩ በኋላ ምሕረት ተደርጎላቸው፣ ግብራቸውን በወርቅ እያገቡ እስከ ሽምግልናቸው ድረስ በአገሩ ላይ ተሰሚ ሆነው ኖሩ። ሀብታቸውም ከወርቁ ብቻ ሳይሆን ከባሪያ ንግድም የመጣ እንደ ነበር የታሪክ ጸሐፊዎች አልሸሸጉም። ይህን ያህል ሀብት ያለው ሰው ቤት መሥራቱ አይቀርምና ሼኹም ከድንጋይና ከእንጨት ያማረ ባለ ፎቅ ቤት አሠሩ። ያሠሩት ግን በአዲስ አበባ፣ በጉለሌ ነው፤ ሰፈሩም እስከ ዛሬ በስማቸው ሼኽ ሆጀሌ ይባላል።

የጅማው አባ ጅፋር ቤታቸውን ጅሬን ላይ ሠሩ፤ የወለጋው ኩምሳ ሞረዳም ነቀምቴ ላይ ሠሩ፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአውቶቡስ ወደ እኛ የሚመጣ ሰው የኩምሳን ከተማ ሳያቋርጥ አይደርስም። እነዚያ በፈቃዳቸው ገብረው በየርስታቸው የጸኑ ጌቶች ነበሩ። ንጉሥ ከዓይኑ እንዳይርቅ የሚፈልገው ሰው ግን ማገሩንም ድንጋዩንም የሚያቆመው ንጉሡ ከሰገነቱ ሆኖ በሚያየው ስፍራ ነው። እንግዲህ የአሶሳ ሕፃን የአገሩን ጌታ ቤት ለማየት ሲሻ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የጉለሌ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ በደጁ የሚያልፉትን ቤት መሳለም አለበት ማለት ነው። ይህን ለልጄ ሳስረዳው በጽሞና አዳምጦ፣ «ታዲያ ለምን አይመልሱልንም?» አለ። ለዚህ መልስ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት እስካሁን አላገኘሁም።

እናቱ ልታጽናናው ብላ የጉባውን ግድብ አነሣችለት። በዚሁ በክልላችን ውስጥ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ ቁመቱ 145 ሜትር፣ ርዝመቱ 1,780 ሜትር ነው፤ የፋሲል ግንብ 32 ሜትር ይሆናልና ከአራት እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ልጁ ግን ሒሳቡን ከሠራ በኋላ «እሱ እኮ የውኃ ነው፤ ንጉሥ አይኖርበትም» ብሎ ነገሩን ዘጋው። ደግሞስ ጉባ በአንድ ቀን በእግር ደርሰው የሚመለሱበት ስፍራ አይደለም።

ስለዚህ በበዓለ ሃምሳ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት በዚያ የቸርነት ወራት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ ኮረብታ ቤተሰቡን ይዤ ልሄድ ወሰንሁ። ወራቱ የማንጎ ወራት ነው። አሶሳን ያላየ ሰው ማንጎ በብዛት ሲባል ገበያ ላይ የተከመረ ማንጎ ይመስለዋል፤ እዚህ ግን ማንጎ የጓሮ፣ የመንገድ፣ የትምህርት ቤት ግቢና የመስጊድ አፀድ ዛፍ ነው፤ በግንቦት መንገድ የሚሄድ ሰው ፍሬው ራሱ ላይ እንዳይወድቅበት የሚጠነቀቀውን ያህል ለመኪና አይጠነቀቅም። በዚህ ላይ ዝናሙ ሊገባ የሚያጕረመርምበት፣ ፀሐዩም ሳይሰናበት የሚፋጅበት ጊዜ ነውና፣ ለሽርሽር የተመረጠ ወራት ነው ብዬ ማንንም አላታልልም።

አዘገጃጀቱ ከጉዞው ይረዝማል። ጎረቤታችን ሀጂ፣ የበርታ ሽማግሌ፣ መንገዱን ሊመሩን ፈቃደኛ ስለ ሆኑ የስንቁ ነገር ሥርዓት አስፈለገው፤ እኛ ያረድነውን ሥጋ እርሳቸው አይበሉም፣ የእርሳቸውንም እኛ። ይህን ጉዳይ አማቴ በወሎ ጥበብ ፈጸሙት። በዋዜማው ሁለት ዶሮ ተገዛ፤ አንደኛው በእኔ እጅ ታረደ፣ ሁለተኛው በአጥር ላይ ተሻግሮ ከሀጂ ልጅ እጅ ቢስሚላህ ተብሎለት ተመለሰ፤ ሁለቱም በየድስቱ ተሠርቶ፣ በየአገልግሉ ገብቶ፣ የሀጂ አገልግል ማሰሪያው ላይ ቀይ ክር ተቋጠረበት። ባለቤቴ በጨለማ ክሩን እንዴት እንደምናየው ስትጠይቅ፣ «በቀን ሄደን በቀን የምንመለስ አይደለም እንዴ?» አሉ አማቴ፣ እኔን እያዩ። በዚህ ላይ ድፎ ዳቦ፣ ፔርሙዝ፣ ጀበናው ከነረከቦቱ፣ የውኃ ጀሪካንና ለትንሿ ልጄ ቅያሪ ልብስ ተጨመረ። ራስ መኰንን ሲዘምቱ የያዙት ጓዝ ከዚህ ይበልጥ እንደ ነበር አምናለሁ፤ የሚሸከመው ሰው ግን ከእኔ ሌላ ብዙ ነበር።

ከከተማው እንደ ወጣን ቀርከሃው ተቀበለን። ይህ የቆላ ቀርከሃ የሚባለው ነው፤ አገር በቀል ከሆኑት ከሁለቱ የቀርከሃ ዓይነቶች አንዱ ሆኖ በእኛ ዘንድ ቤቱም፣ አጥሩም፣ አልጋውም፣ ዘንቢሉም ከእርሱ ነው፤ ክረምት ሲገባ የሚያቈጠቍጠውን ለጋውን ደግሞ ቀቅለው ይበሉታል። ሀጂ ይህን ሲነግሩን ትንሿ ልጄ አንዱን ግንድ ላሰችው፤ ወራቱ አልደረሰም ተብላ ተመለሰች።

በዚያ መንገድ ላይ ቤተሰቤ ምን እንደሚመስል የገባኝ ዋዛን በማሰብ ነው። ዋዛ በርታዎች ከቅል አያይዘው የሚሠሩት ረጅም መለከት ነው፤ እያንዳንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፣ ዜማው የሚገኘውም ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው። የእኔም ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ድምፅ ብቻ ነበራቸው፤ ትንሿ «ውኃ»፣ ባለቤቴ «ቀስ»፣ አማቴ «አገልግሉን አቅናው»፣ ታላቁ «ግንቡስ?»። ተራ የሚጠብቅ ግን አልነበረም።

መንደሮቹ በቁጥር ይጠራሉ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ደርግ ከወሎና ከሌላም ስፍራ ሕዝቡን አንሥቶ ወደዚህ ሲያሰፍር፣ ለእያንዳንዱ ሰፈር ስም ለማውጣት ፋታ አላገኘም መሰለኝ፣ አምባ 14፣ መገሌ 32፣ ሰልጋ 22 እያለ ቈጥሮ አለፈ። ሕዝቡም ቁጥሩን ተቀብሎ ወልዶ ከበደበት፤ ዛሬ አንዱን ጎልማሳ «አገርህ የት ነው?» ቢሉት ምንም ሳይሰቀቅ «ሠላሳ ሁለት» ይላል። ታላቁ ልጄ ከአሥራ አራት ቀጥሎ አሥራ አምስት ይመጣል ብሎ ሲጠባበቅ ሌላ ቁጥር ስለ መጣበት፣ ቁጥሩ የመንደሩ ስም እንጂ የመንገዱ ተራ አለመሆኑን ለማስረዳት አንድ ሙሉ ዳገት ፈጀሁ። ጎንደርም እኮ አብያተ ክርስቲያናቷን 44 ብላ በቁጥር ትኰራለች ብዬ ነገሩን ላከብርለት ሞከርሁ፤ አማቴ ግን «እነዚያ ቁጥርም ስምም አላቸው» አሉኝ።

ከነዚሁ መንደሮች በአንዱ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለምን። ክብ ነው፤ ቆርቆሮው አዲስ ነው፤ በዐጸዱ ውስጥ ጽድና ማንጎ ጎን ለጎን ቆመዋል። ታላቁ ልጄ ደብተሩን አውጥቶ ቄሰ ገበዙን፣ «አባ፣ ታሪካዊ ነው?» አላቸው። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ። መጀመሪያ የቆመው በቀርከሃና በሣር እንደ ነበረ፣ ቀርከሃውንም በትከሻቸው ተሸክመው ያመጡት እርሳቸውና እኩዮቻቸው እንደ ሆኑ፣ ከዚያ በፊት ግን ቤትም ሳይኖር የጽዋ ማኅበሩ ከወሎ አብሯቸው እንደ መጣና ከዛፍ ሥር እየተሰበሰቡ ጽዋውን ያዞሩ እንደ ነበር ነገሩት። ልጁ ምን ብሎ እንደ ጻፈ አላየሁም። መሥራቹ በሕይወት ቆሞ «ቡና ጠጡና ሂዱ» የሚልበትን ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ማለት ይገባል ወይ የሚለውን ነገር ሊቃውንት ይፍቱት፤ እንግሊዞቹ ግን የሻይ ቤቱን ጉዳይ ከቤተ ክርስቲያኑ ለይተው ማየታቸው ስሕተት እንደ ሆነ በዚያ ሰዓት አልተጠራጠርሁም።

ኮረብታው ላይ ስንደርስ ቀትር ሆኖ ነበር። ኮረብታ ይባል እንጂ ዝሆን የሚያካክሉ ቋጥኞች ተደራርበው የቆሙበት ስፍራ ነው፤ በመካከላቸው ሰው ጐንበስ ብሎ የሚገባበት፣ ከገባም በኋላ ተቀምጦ ውጪውን የሚያይበት ክፍተት አለ። ታላቁ ልጄ ዙሪያውን ከዞረ በኋላ በተሰበረ ድምፅ «ግንብ የለም» አለ። ሀጂ ከቋጥኙ ጥላ ተቀምጠው አገልግላቸውን በቀይ ክሩ ለይተው እየፈቱ፣ «ግንብ ለምንድን ነው የሚሠራው፣ መምህር?» ብለው ጥያቄውን ወደ እኔ መለሱት። ጠላትን ከሩቅ ለማየትና ከሰይፉ ለመሸሸግ ነው አልኋቸው። «እሱማ ተሠርቶ ነው የጠበቀን» አሉ። ከዚያም በእጃቸው ወደ ሜዳው እያሳዩ፣ በዚያ ክፉ ዘመን ከሰሜንም ከምሥራቅም፣ አንዳንዴም ከገዛ ጌቶቻቸው ደጅ፣ ሰው ፈንጋይ ሲመጣ በርታዎች መንደራቸውን ሜዳ ላይ ሳይሆን እንዲህ ባለ ድንጋይ መካከል ይሠሩ እንደ ነበር፣ አቧራው ከታየበት ሰዓት አንሥቶ ፈረሱ እስኪደርስ ሴቱም ሕፃኑም ቋጥኙ ውስጥ ገብቶ ያልቅ እንደ ነበር ተረኩልን። የአያታቸው እናት በአንዱ ስንጥቅ ውስጥ ጨቅላዋን አፉን በጡቷ ዘግታ እንዳሳለፈች ሲነግሩን፣ ባለቤቴ ዶሮውን ማውጣት ትታ ቆመች።

ልጆቹ ስንጥቁን ፍለጋ ተበተኑ። ትንሿ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አገኘች፤ በጠፍጣፋው ዓለት ላይ እንደ ገበታ ጐድጕዶ፣ እጅ ሲያልፍበት እስኪያንሸራትት የለሰለሰ ስፍራ። ማሽላ የተፈጨበት ነው አሉ ሀጂ፤ ያን ያህል እንዲለሰልስ ስንት ሴት ስንት ዘመን ተንበርክካበት እንደ ሆነ ማን ይናገራል? ከማድሪድ የመጡ የጥንታዊ ቅርስ ተመራማሪዎች ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በዚሁ ክልል በዓለት ጥላዎች ሥር እየቈፈሩ የጥንት ሰዎችን የድንጋይ መሣሪያና ገል እንዳገኙ፣ በዓለት ላይ የተሣሉ ሥዕሎችንም እንደ መዘገቡ ለልጆቼ ነገርኋቸው። ትንሿ እስከዚያው ማንጎዋን በጐድጓዳው ውስጥ አስቀምጣ በድንጋይ እየፈጨች ነበር። ታላቁም ስንጥቁን አግኝቶ ገባበት፤ ከዚያ ሆኖ ሜዳውን እየቃኘ በአገልግሉ ዙሪያ የቆምነውን ሁላችንንም ጠላት አድርጎ ተኰሰብን። ለግንብ ያለው ጥያቄ በዚያ ሰዓት ጋብ ያለ መሰለኝ።

ዝናሙ ግን የማንንም ዕረፍት አላከበረም። ጠብታው ሲጀምር ጓዙን ሰብስበን ወደዚያው መንደር ሮጥን፣ ሮጥን ማለቴ በአማቴ እርምጃ ነው፤ ቄሰ ገበዙም ከደጀ ሰላሙ አስገብተው አስጠለሉን። በዚያ የነበሩ አንዲት እናት ለቡናው እሳቱን ሲያራግቡ አማቴ አነጋገራቸውን ሰምተው «የየት ነሽ?» አሉ። ደላንታ ሆኑ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁሉ ማንም ኢትዮጵያዊ ስለሚያውቀው በአጭሩ ልለፈው፤ በሦስተኛው ቡና የአማቴ የአጎት ሚስትና የሴትዮዋ አክስት በአንድ ሰንበቴ ይጠጡ የነበሩ መሆናቸው ተረጋገጠ፤ ዝናሙ ቆመ፤ እኛ አልቆምንም።

ሀጂና ቄሰ ገበዙ እነርሱም ስለ ማንጎ ያወጋሉ። የማንጎው ዘር በሱዳን በኩል እንደ ገባ ሽማግሎች ያወራሉ፤ እነዚህ ሁለቱ ግን የሚከራከሩት ከየት እንደ መጣ ሳይሆን የማን ጓሮ ማንጎ ጭረት እንደሚያንሰው ነው። ታላቁ ልጄ በመካከል ገብቶ በክረምት ትምህርት ሲዘጋ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ አዲስ አበባ ወስጄው የሼኽ ሆጀሌን ቤት እንደማሳየው ቃል የገባሁለት አስመስሎ ተናገረ። ሀጂ ነገሩን እጅግ ወደዱት። «እንግዲያ መምህር፣ ስትደርሱ ግቢውን አይተህ ንገረኝ፤ ማንጎ ተክለው ከሆነ መልካም፤ ካልተከሉ ከእኔ ጓሮ ችግኝ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። የአሶሳ ጌታ ቤት ያለ ማንጎ መቆሙ ነውር ነው» አሉኝ።

አማቴ ከደላንታ ጨዋታቸው ጆሯቸውን ብቻ አውሰው ኖሯል፤ «ጉለሌ ማንጎ አያፈራም፤ ውርጩ ይበላዋል» አሉ። ሀጂ የቤት ጥላ ካለ ይይዛል አሉ። ቄሰ ገበዙ መያዙን ይይዛል፣ ማፍራቱን ግን አያፈራም ብለው ፈረዱ። ያን ጊዜ ታላቁ ልጄ ባጃጅ ሊጠራ ተልኮ ተመልሶ ነበርና፣ ሀጂን ከሹፌሩ ጎን፣ እኛን ከኋላ፣ ጀበናውንና ባዶ አገልግሎቹን በጉልበታችን ላይ አድርገን ጉዞ ስንጀምር፣ ሹፌሩም በበኩሉ አጎቱ ኮልፌ ውስጥ አንድ ማንጎ እንዳለው፣ ቅጠሉም ደህና እንደ ሆነ ነገረን፤ ሀጂም በዚህ ምስክር ተበረታተው ችግኙን በየትኛው ቆርቆሮ ልንጭነው እንደሚገባ እስከ ከተማው ድረስ ሲያስረዱኝ መጡ።